ለደጃዝማች ዘር የማይሆን ድስት

ለውጡ መጣ በተባለ ሰሞን ሐይቅ ከተማ ውስጥ ተራ አያት ያለው ሰው ጠፋ። አጎቴም አልቀረበትም፤ ቤተሰባችንን በአባቱ በኩል ከአንድ የአምባሰል ደጃዝማች፣ በእናቱ በኩል ከአንድ ታላቅ ሼህ ጋር አዛመደው። ለመስጊዱም ለቤተ ክርስቲያኑም የሚሆን ዘር ተገኘልን። "ታዲያ መሬቱ የት ገባ?" ብዬ ብጠይቀው አኮረፈኝ።

እኔ የምፈልገው እውነተኛዋን ቅድመ አያቴን ነበር። ምን ሠርታ እንደኖረች የሚናገር አልነበረም። የምታውቀው የአጎቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ ብቻ ናት። እሷ ቤት ሸክላ የሚባል ዕቃ አይገባም፤ ሽሮው እንኳ የሚንተከተከው በብረት ድስት ነው። ስጎተጉታት፣ "አቦ ተይኝ! መጀመሪያ ልጄን ልዳር" አለችኝ። ልጅቷ ታጭታለች፤ ሸክላ ሠሪ ደግሞ ባገራችን ቡዳ ነው ይባላል። በሠሪዋ ድስት ሁሉም ይበላል፣ ልጇን ግን የሚያገባ የለም። ይኼ ጨዋነታችን ያንገበግበኛል።

ጦርነቱ ሲመጣ ሸሸን። ስንመለስ የአክስቴ ቤት ተዘርፏል፤ ብረት የሆነ ነገር ሁሉ ተጠርጎ ሄዷል፣ ገበያም የለም። አጎቴ ባዶው ቤት መሀል ቆሞ ስለ ደጃዝማቹ ጋሻ ማውራት ጀመረ። አክስቴ ሰማችው፣ ሰማችውና ነጠላዋን አደግድጋ ወደ ሐይቁ ዳር ወረደች።

ጭቃ ተሸክማ ተመለሰች። "ገል ልቀሚልኝ" አለችኝ። የለቀምኩትን የሸክላ ስባሪ ወቅጣ ከጭቃው ጋር አሸችው፤ ጎረቤት እያየ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ግቢው መሀል ድስት አበጀች። ሲደርቅ በኩበት ተኮሰችው። እጇ አንዴም አላመነታም። እኔ አለቀስኩ።

የመጀመሪያው ሽሮ ተጥዶ ሳለ የልጅቷ እጮኛ እናት መጡ፤ እሳቸውም ተዘርፈዋል። ዓይናቸው ድስቱ ላይ አረፈ።

"ከገበያ ነው" አለ አጎቴ ፈጠን ብሎ።

"ወላሂ ውሸቱን ነው፤ የእጄ ሥራ ነው" አለች አክስቴ። "አያቴም እኛን ያሳደገችን በዚሁ ነው።"

ሴትዮዋ ጎንበስ ብለው የሚንተከተከውን ሽሮ አሸተቱ። ልጅቷ አቀረቀረች።

"እንግዲያው ለእኔም ሥሪልኝ" አሉ በመጨረሻ። "ሠርጉንስ በምን ልንደግሰው ነው?"

ይኼን ጊዜ አጎቴም ጉሮሮውን ጠረገ፤ ለእሱም ቤት አንድ አማረው።

"ለደጃዝማች ዘር የሚሆን አልችልበትም" አለችው።