ከማማው ላይ ያየሁት

የመነጽሩ ማንገቻ ዛሬም ይሸታል። በሳሙናም በሎሚም አሽቼዋለሁ፤ ሰማዩ ዝናብ ባረገዘ ቀን ከሳጥን ሳወጣው ግን ያ ነጭ ሽንኩርት የሚመስል የመድኃኒት ሽታ አፍንጫዬን ይይዘዋል። ያን ጊዜ ኅዳር ይሆንብኛል፤ ከሐራ ከተማ በታች ያለው ረግረግም ፊቴ ይደቀናል።

አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ወፍ ሊያዩ ከውጭ አገር የሚመጡ እንግዶችን ሲያመላልሱ የኖሩ ሾፌር ነበሩ። ጡረታ ወጥተው መርሳ ሲቀመጡ የተረፋቸው አንድ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽርና የእንግዶቻቸው አመል ነው። በጋ ገብቶ ከብርድ አገር የሸሹት ዳክዬዎች ረግረጉ ላይ ሲያርፉ፣ በሚኒባስ እኛ ቤት ድረስ ይመጡና እኔን ያስከትሉኝ ነበር። የኮሌጅ ጥሪ የምጠብቅ ሥራ ፈት ነበርኩና ደስ ይለኛል። አባቴ ግን ይስቁብን ነበር። «አገር ሁሉ ወፍ ያባርራል፣ ያንቺ አጎት ወፍ ይፈልጋሉ» ይሉኛል። ማሽላ ሲጠብቁ ማማ ላይ የሚውሉ ሰው ናቸውና ምን ይፈረድባቸዋል።

አጎቴ ከሁሉ አብልጠው የሚፈልጓት አንዲት የባሕር ወፍ ነበረች፤ ነጭ፣ ከዓይኗ ኋላ አንዲት ጥቁር ነጥብ ያላት። አንዱ እንግዳቸው መንገድ የሳተች እንደሆነ በዚህ ታልፋለች ብሏቸው ሰባት በጋ ጠብቀዋታል። በዚያ ኅዳር፣ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ መጣች። ውኃው ላይ ተቀምጣ ነበር። መነጽሩን አቀበሉኝና ነጥቧን አሳዩኝ።

ብዙም ሳንቆይ ከላይ በኩል ጎርፍ የሚወርድ የሚመስል ድምፅ ሰማን። ቀና ስንል ሰማዩ ጠቁሯል፤ ግሪሳ ነው፣ ማሽላ የሚፈጀው የወፍ መንጋ። እየተጠቀለለ መጥቶ ረግረጉ ውስጥ በበቀለው ረጅም ሣር፣ በፊላው ላይ ፈሰሰ፣ ፊላውም ከክብደቱ የተነሳ ጎነበሰ። ዳክዬዎቹ ሁሉ ዝም አሉ። እኔም ፈራሁ።

የወረዳው የግብርና ባለሙያ በየመስጊዱ ደጃፍ እየቆመ የሚጠይቀው ይህንኑ ነበር፤ የግሪሳው ማደሪያ ካልታወቀ መድኃኒት የሚረጨው አውሮፕላን አይመጣም። አጎቴ ክንዴን ያዙኝ።

«ያየነውን ለሰው እንዳትነግሪ። መድኃኒቱ ወፍ አይመርጥም።»

«አልነግርም።»

«ወላሂ በይ።»

«ወላሂ» አልኩ።

አራት ቀን ቻልኩት። አባቴ ጅራፍ ሲያጮኹና ሲጮኹ እየዋሉ ድምፃቸው ተዘጋ። በአራተኛው ቀን ምሽት ከማማው ወርደው አንድ የማሽላ ራስ ጭኔ ላይ አኖሩ። ፍሬ የለውም፤ ገለባ ብቻ። ሊናገሩ ቢፈልጉም ድምፅ አልነበራቸውም። በነጋታው ሄጄ ለባለሙያው ነገርኩት።

ዓርብ ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ አውሮፕላኑ እንደሚመጣ፣ ሰውም ከብትም ረግረጉ ጋ ዝር እንዳይል ቤት ለቤት ተነገረ። ያን ዕለት አጎቴ ከጁምዓ በኋላ መጡ። ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ። ማን እንደተናገረ አልጠየቁኝም። መነጽሩን አውልቀው አንገቴ ላይ አጠለቁልኝና «ዛሬ ከማማው ላይ ሆነሽ አንቺ እይልኝ» ብለው ወጡ። ተቀይመውኝ ወደ መርሳ የሚመለሱ መስሎኝ ነበር።

ከአባቴ ጋር ማማው ላይ ወጣን። ብርሃኑ ቀይ ሆኖ ነበር። ግሪሳው ገብቶ አልቆ፣ ከሩቅ የአውሮፕላኑ ድምፅ ሲሰማ መነጽሩን አነሳሁ። ፊላው መሀል አንድ ነጭ ጋቢ ይውለበለባል። አጎቴ ነበሩ። ውኃው እስከ ወገባቸው ደርሷል፤ ግሪሳው እንዳይነሳ ድምፅ ሳያሰሙ፣ ፊላ የሌለበት ውኃ ላይ ያሉትን ወፎች በጋቢያቸው ያስነሳሉ። ጮህኩ። ከየማማው እልልታው ቀልጦ ስለነበር የሰማኝ የለም። መነጽሩን ለአባቴ ሰጠኋቸው፤ አይተው አፋቸውን ከፈቱ፣ ምንም ድምፅ አልወጣቸውም። አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ አለፈ። ከዚያ በኋላ ነጭ ጉም ብቻ ነበር።

ሮጠን ስንደርስ አጎቴ ዳር ወጥተው እየሳሉ አገኘናቸው። ዓይናቸው ደም መስሏል። በረጠበ እጃቸው ማንገቻውን ጨበጡ።

«ወጣች?»

«ወጣች። ወደ አፋር በኩል ሄደች።»

«ወላሂ?»

«ወላሂ» አልኩ።

የዚያን ዓመት ማሽላ በላን። የአጎቴ ሳል ግን አልለቀቃቸውም፤ ሐኪሙ ከመድኃኒቱ ነው ብሎም አያውቅም፣ አይደለም ብሎም አያውቅም። ሊጠይቃቸው የመጣውን ሰው ሁሉ ያቺን ወፍ እንዴት እንዳስነሷት ሳያጫውቱ አይሸኙም ነበር። «ምስክሬ እሷ ናት» እያሉ ወደ እኔ ይጠቁማሉ፤ እኔም በአዎንታ ራሴን እነቀንቃለሁ። እስኪሞቱ ድረስ እንደዚሁ ነበርን።

የነገርኳቸው ግን እውነት አልነበረም፤ ከማማው ላይ ስትወጣ አላየኋትም። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ እሳቸው ሳይቀድሙኝ ረግረጉ ዳር ሄጄ፣ ከዓይኗ ኋላ ያለችውን ጥቁር ነጥብ በአውራ ጣቴ ዳስሼ፣ ከአባቴ ማሽላ ሥር አፈር ያለበስኳት እኔ ነኝ።