ለአባቴ ጠበቃ የሆንኩበት ድርሰት

ቅዳሜ፣ ግንቦት 23። ልጻፈው አልጻፈው እያልኩ ሦስት ጊዜ ጀምሬ አጥፍቼዋለሁ... እዚህ ገጽ ላይ የሰው ገጠመኝ አንብቤ፣ ብቻዬን ስቄ ከመውጣት በቀር አንድም ቀን ጽፌ አላውቅም። የዛሬውን ግን ለሰው ካላወራሁት እንቅልፍም የሚወስደኝ አይመስለኝም።

ደባርቅ አሥረኛ ክፍል ነኝ። ቤተሰቦቼ ያሉት ከዚህ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ርቆ ገጠር ነው። እዚያ ያለው ትምህርት ቤት ስምንተኛ ላይ ያበቃል። ስለዚህ ትርንጎ ከምትባል የበየዳ ልጅ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን ነው የምንማረው።

ባለፈው ወር አባቴ «እናትሽ ወገቧን ታማለች፤ ዘንድሮ ይበቃሻል፤ ለክረምት ስትመጪ በዚያው ቅሪ» ብሎ ላከብኝ። አሥራ አንደኛን አልማርም ማለት ነው።

ሌላ ልጅ ብትሆን ሄዳ ትለምናለች፣ ታለቅሳለች። እኔ ሰው ፊት ስቆም ምላሴ ይታሰራል። አባቴ ክፉ ሆኖ አይደለም... ክፍል ውስጥ እንኳ ስም ሲጠራ «አቤት» የምትልልኝ ትርንጎ ናት።

በዚያው ሳምንት የአማርኛ መምህራችን አመዛዛኝ ድርሰት አስተማሩን። «የተቃራኒውን ሐሳብ አትናቁ። ባለቤቱ ራሱ ከሚናገረው በላይ አሳምራችሁ ጻፉለት። ከዚያ አንድ በአንድ ታፈርሱታላችሁ» አሉ።

በጣም ደስ አለኝ። መናገር ባልችል መጻፍ እችላለሁ ብዬ ለአባቴ ድርሰት ጻፍኩ። ሁለት ገጽ ከግማሽ! ለመምህሩ ሳሳያቸው በቀይ እስክሪብቶ «ግሩም ነው! ግን አንቺ ከማን ወገን ነሽ?» ብለው ጻፉበት። እኔ «ግሩም» የምትለዋን አይቼ አጠፍኩት።

ዛሬ አባቴ ለገበያ መጣ። የንስሐ አባታችንም አብረውት ነበሩ። መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ ጉልበት ስሜ ወረቀቱን ለአባቴ ሰጠሁት።

«ምንድን ነው?» አለ።

«ለአንተ... የጻፍኩት ነው።»

አባቴ ፊደል አልቆጠረም። «እስቲ አባ ያንብቡልን» ብሎ ለእሳቸው አቀበላቸው። እኔም ልቤ ሞቀ። እኛ ዘንድ ለአባት ለመንገር የሚከብድ ነገር ሲኖር ሽማግሌ ነው የሚላከው፤ አባ ካነበቡት ሽማግሌ እንደላክሁ ይቆጠርልኛል ብዬ ነው።

አባ መነጽራቸውን አድርገው፣ ልክ እንደ ድርሳን፣ ረጋ ብለው ጮክ አድርገው ማንበብ ጀመሩ። ሻይ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ።

«እናቴ ወገቧን ታማለች፤ ታላቅ እህቴ ዳባት ካገባች ወዲህ ውኃውንም እንጨቱንም የምታመላልሰው ብቻዋን ነው...»

«ውይ እናቴን!» አለች ሻይ የምትቀዳው ሴትዮ።

አባ ቀጠሉ። ገብሱ ሲደርስ ሰው እንደሚያጥር፣ ሁለት ሴት ልጆች ሰው አገር ብቻቸውን ማደራቸው ወላጅን እንደሚያስጨንቅ፣ አሥራ ሁለተኛ ጨርሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የሚውሉት የሰፈራችን ልጆች... አንድም ያስቀረሁት የለም። አባቴ የነበረው ምክንያት አንድ ነበር፤ የእናቴ ወገብ። የቀረውን የጨመርኩለት እኔ ነኝ።

«እውነቷን ነው እኮ!» አለ አንድ በቅሎውን ደጅ ያሰረ ሰውዬ። «ይችን ልጅ ለእርቅ መላክ ነበር!»

«እንዲህ የምታስብ ልጅ ይስጥሽ በሉኝ» አለች ሴትዮዋ።

እኔ ቆይ፣ የማፈርሰው ቦታ ይመጣል እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ... አባ መጨረሻው ላይ ደረሱ።

«ሆኖም ግን ትምህርት ለሁሉም ነገር መሠረት ስለሆነ መማር አለብኝ።»

አባ ወረቀቱን ገለበጡት። ጀርባውን አዩት። እንደገና ገለበጡት።

«ይኸው ነው?» አሉኝ።

«ይኸው ነው፣ አባ።»

ሁለት ገጽ ከግማሽ ስገነባ ከርሜ ለማፍረሻ የተረፈኝ አንድ መስመር ነው! እሱም የእኔ አይደለም፤ የትምህርት ቤታችን ግድግዳ ላይ የተጻፈ ነው።

ባለ በቅሎው ሳቀ። «በይ እንግዲህ ፍራሽሽን ጠቅልይ፤ በቅሎዬ ባዶ ናት፣ እኔ አደርስልሻለሁ!»

ሁሉም ሳቁ። አባቴ ግን አልሳቀም። ወረቀቱን ከአባ ተቀብሎ፣ ማንበብ እንደሚችል ሰው ትኩር ብሎ አየው።

«እናኑ፣ ይህ የእኔ ነገር ነው። እኔ ከምለው በላይ አሳምረሽ ተናግረሽልኛል። ያንቺ የታለ?»

እኔ የሻይ ብርጭቆውን አየሁ። አባቴ ጠበቀኝ። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ጠበቀኝ።

«ዛሬ እዚሁ ከተማ ነው የማድረው» አለ በመጨረሻ። «ነገ ከቅዳሴ መልስ እዚሁ ሻይ ቤት ነይ። ወረቀት ይዘሽ እንዳትመጪ።»

ቤት ገብቼ ለትርንጎ ስነግራት መሬት ላይ ተንከባለለች። ሳቋ ሲበርድላት «ግን እውነት፣ ለምንድን ነው መማር የምትፈልጊው?» አለችኝ።

ያ ሁሉ ገጽ ሲሞላ ይህን አንድ ጊዜ እንኳ ራሴን አልጠየቅሁም ነበር። ብዙ አሰብኩ። ከዚያ እንዲህ አልኳት፦ «ሒሳብ ሠርቼ መልሱ ሲመጣልኝ፣ የማላፍር ሰው እሆናለሁ። ለትንሽ ደቂቃ ነው... ግን ሌላ ቦታ አግኝቼው አላውቅም።»

ትርንጎ አልሳቀችም። «ይህንን ነው የምትነግሪው» አለችኝ።

እንግዲህ ነገ ከቅዳሴ መልስ አባቴ ፊት ቆሜ የምናገረው ይህንን ብቻ ነው። ብንተባተብም እናገረዋለሁ። የእሱን ወገን ግን ራሱ ይከራከርለት፤ እኔ ከሚገባው በላይ አግዤዋለሁ።