ጎረቤት የሌለው የጃፓን ገበሬ

የያዙኝ ወረታ፣ ፀጉር ቤት ወንበር ላይ ነው። ሻይ ቤት የቀለድኩት ቀልድ ፖለቲካ ሆኖ ተገኘና፣ ራሴ በግራ ተላጭቶ ቀኙ ሳይነካ ወሰዱኝ። የእስር ቤቱ ክፍል ስገባ መጀመሪያ ያየሁት የሽንት ባልዲውን ነው። እስረኞቹ መጀመሪያ ያዩት ፀጉሬን ነው። ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ።

ካቦው፣ የእስረኞቹ አለቃ፣ የሐሙሲት ነጋዴ ነው። "አዲስ ሰው ባልዲው አጠገብ ይተኛል" አለኝ። "ጥሩ ወሬ ካለህ ግን መስኮቱ ሥር ቦታ አለ።"

ድሮ ቪዲዮ ቤት ነበረኝ። ያን ሁሉ ፊልም አሳይቼ፣ የዚያን ሰዓት ትዝ ያለኝ አንድ የድሮ የጃፓን ፊልም ብቻ ነው። ቀለም የለው፣ ጥይት የለው። ባሳየሁበት ቀን ተመልካቹ ወጥቶ አልቆ እኔና ጄኔሬተሩ ነበርን የጨረስነው።

ተረክሁላቸው። አንድ ሽማግሌ ሩዝ ገበሬ ነው። ታናሽ ወንድሙ ጥሎት ከተማ ሊገባ ነው። "አትሂድ" ማለት ይፈልጋል፤ አይልም። ሻይ ይጠጣል።

"ከዚያስ?" አለ ካቦው።

"እንደገና ሻይ ይጠጣል።"

"ይኼን አሳይተህ ነው እንዴ የታሰርከው?"

ወንድምየው ሄደ። ሽማግሌው በዝናብ ሩዙን ብቻውን ያርማል። ፊልሙ በዚሁ ያልቃል።

ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ቀና አሉ። "ብቻውን? ወንፈል የሚወጣለት የለም? ዛሬ ለእሱ፣ ነገ ለእነሱ የሚባባል ጎረቤት?"

"ፊልሙ ላይ የለም አባባ።"

"እንግዲያ ውሸት ነው። ሩዝ ለብቻ አይታረምም።"

ካቦው ፈረደ። "በል ጎረቤት አስገባለትና መስኮቱን ውሰድ።"

መስኮቱን አየሁት። ባልዲውንም አየሁት። አፍንጫዬ "አስገባለት" አለኝ። ፊልሙ ይንዛዛል፣ ሻይ ይበዛበታል፤ አልክድም። ግን ሰውዬው ጭቃው ውስጥ ጎንበስ ብሎ ዝናቡ ጀርባው ላይ ሲወርድ፣ ያላለው ነገር ሁሉ ይሰማል። ጎረቤት ከሰጠሁት ያ ይጠፋል። እኔ በቀልድ ብዙ ዋሽቻለሁ፤ በእሱ ግን አልዋሽም።

"ብቻውን ነው" አልኩና ሰሌኔን ይዤ ወደ ባልዲው ሄድኩ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

ትንሽ ቆይቶ የቁሐር ሚካኤሉ ገበሬ ጋቢያቸውን ጠቅልለው መጡ። አጠገቤ አነጠፉ።

"አባባ፣ እዚህ እኮ ይሸታል።"

"ወንፈል ነው" አሉ። "ጃፓን ቅርብ ቢሆን ለእሱም እወጣለት ነበር።"

ካቦው "ይኼ ግማሽ ራስ ክፍሌን አበላሸብኝ" እያለ ምንጣፉን ጎትቶ መጣ። ሌሎቹም ተከተሉት። ያን ሌሊት መስኮቱ ሥር የተኛ የለም።

ወንፈል ይመለሳል። ከተፈታን ወዲህ ክረምት በመጣ ቁጥር ቁሐር ሚካኤል ወርጄ የአባባን ሩዝ አርማለሁ። አረሙ ሩዝ ይመስለኛል፣ ሩዙ አረም፤ የምነቅለው ሩዙን ነው። "አንተ ብትቀርልኝ ይሻለኛል" ይሉኛል። ቀኑ ሲደርስ ግን የሚደውሉት ራሳቸው ናቸው።

ዝናቡ ሲመጣ ወንፈል የወጣው ሁሉ ጎንበስ ይላል። ቀና ብዬ ሳይ ማሳው ሙሉ ጀርባ ነው። ያ የፊልሙ ሰውዬ ይህን ቢያይ፣ ሻዩን ጥሎ ይመጣ ነበር እላለሁ።