ቦኖው «ልዩ ልዩ» ላይ ይነሳል

ዛሬ ባለቤቴ ስለ ውኃ ቁጠባ ከስልኩ ላይ እያነበበልኝ ሳለ ሮቶአችን ሞልቶ ግቢው ላይ ይንዠቀዠቃል። «ኧረ ሮቶው እየፈሰሰ ነው!» ስለው፣ «ቆይ፣ ይቺን ልጨርስልሽ» አይለኝም!

በደርግ ጊዜ እዚሁ ናዝሬት የተቀመጥነው የቀበሌ ስብሰባ ትዝ አለኝ።

ጠፍቶ የከረመው ውኃ በስንት ቀኑ መጥቶ፣ ከእናቴ ጋር ቦኖው ጋ ተሰልፈናል። ወዲያው «ሁላችሁም አዳራሽ ግቡ!» ተባለ።

አጀንዳው? የውኃ ቁጠባ።

የቦኖው ጠባቂ እትዬ ሙሉም ከሰልፈኛው ጋር ተነዱ። ከድንጋጤያቸው የተነሳ ቧንቧውን አልዘጉትም። አዳራሹ ውስጥ ሆነን ሲፈስ ይሰማናል።

እትዬ ሙሉ እጃቸውን አወጡ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ቦኖውን ሳልዘጋው ነው የመጣሁት። ደረስ ብዬ ልምጣ?»

«ከአጀንዳ ውጭ ነው። ልዩ ልዩ ላይ ይነሳል።»

በሩ ላይ ጠመንጃ የያዘ አብዮት ጠባቂ ስለቆመ ማንም ንቅንቅ አላለም። ሊቀመንበሩ እያንዳንዷ ጠብታ የሰፊው ሕዝብ ሀብት መሆኗን ሁለት ሰዓት ሙሉ አስረዱን። እኛም ሀብታችን ሲፈስ በጥሞና አዳመጥን።

ልዩ ልዩ በሰዓት እጥረት ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ።

ግራ እጃችንን አንስተን መፈክር አሰምተን ስንወጣ ውኃው ሄዷል። እናቴ ባዶ እንስራዋን አንስታ፣ ማንም እንዳይሰማት በጆሮዬ፣ «ቆጠብን እኮ ልጄ፤ አንዲት ጠብታ አልነካንም» አለችኝ።

እናንተስ ቤት ልዩ ልዩ ላይ ይነሳል ተብሎ የቀረ ነገር የለም? እስቲ ጻፉልኝ።

ሮቶው? እሱማ እየፈሰሰ ነው። ይቺን ልለጥፍና እዘጋዋለሁ።