ረቢአና የአብዱልፈታህ ቬንትሌተር

ረቢአ የከሚሴ ልጅ ነበረች። እዚያው ከተማ አንድ ላብራቶሪ አብረን ስንሠራ የቲቢ ታማሚዎችን አክታ የምትመረምረው እሷ ነች። ሌላው ከአክታው ሲሸሽ «ታማሚውስ የት ይሽሽ?» ትል ነበር።

የምትሠራው መከላከያ ካቢኔ ውስጥ ነው፤ ፊቱ በመስታወት የተጋረደ፣ እጅ የሚገባበት ክፍተት ያለው ትልቅ ሳጥን። ከሱ ጋር የሚመሳሰል ሌላ ሳጥን አለ፤ ያኛው ንጹህ አየር ወደ ሠራተኛው ፊት እየነፋ ናሙናውን ብቻ ስለሚጠብቅ ለቲቢ አይሆንም። የእኛው ግን አየሩን ከፊት ወደ ውስጥ ስቦ፣ ጀርሙን በማጣሪያ አስቀርቶ ሰውንም ይጠብቃል። ይህን ረቢአ ታውቃለች። የሚስበው አየር በትንሽ ነፋስ እንደሚረበሽ ግን ማንም አልነገረንም። ዕቃውን ያመጡት ሰዎች ማብሪያውን አሳይተው፣ ፎቶ ተነስተው ሄዱ። እስካሁን ያናድደኛል።

ረመዳን ገባ። የከሚሴ ሙቀት የታወቀ ነው፤ በጾም አፍ ጋውንና ጓንት አጥልቆ መቀመጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ። የሥራ ባልደረባችን አብዱልፈታህ አንጀቱ አልችል ብሎት ከቤቱ ቬንትሌተር አምጥቶ ከጀርባዋ አቆመላት። «አላህ ይስጥህ» አለችው። ጾሙን ሙሉ ሲነፍስላት ከረመ፤ እኛም ቀናንባት።

ዒድ ካለፈ ከወራት በኋላ ሳል ጀመራት። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ነበር። ካቢኔውን ሊፈትሽ የመጣው ባለሙያ ከካቢኔው ክፍተት ፊት ጭስ ለቀቀ፤ ጭሱ ወደ ውስጥ ገባ። ቬንትሌተሩን ሲያበራው ግን ጭሱ ተረብሾ በክፍተቱ ተመለሰና ወደ ረቢአ ወንበር ወጣ። አብዱልፈታህ እዚያው ቆሞ አየ።

መድኃኒቱ አልያዘላትም፤ እየመነመነች ሄደች። አንድ ቀን አብዱልፈታህ ማስኩን አድርጎ አልጋዋ አጠገብ ተንበረከከ። እኔም ነበርኩ።

«ረቢአ፣ አፉ በይኝ።»

«አፉ ብዬሃለሁ» አለችው፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «አዝነህልኝ ነው። ለእናቴ ግን እንዳትነግራት። እሷ አፉ ማለት አትችልም።»

በዚያው ሳምንት ቀበርናት።

አብዱልፈታህ ጁምዓ ሰግዶ ሲወጣ እናቷ ዘንድ ይሄዳል። እትዬ ሀዲጃ ሌላ ልጅ የላቸውም። «ልጄ በጾም ስትቃጠል ያዘነላት እሱ ብቻ ነው» ይላሉ፣ ለመጣው ሁሉ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው በኦሮምኛ «ረቢ ሲ ሃ ኤቢሱ፣ ኢልማ ኮ»፣ ፈጣሪ ይባርክህ ልጄ፣ እያሉ ይመርቁታል። እሱም አንገቱን ደፍቶ አሚን ይላል።