ስንት ዋት ይበቃታል?

ወረርሽኙ ካዚኖዎቹን በዘጋበት ዓመት፣ ካርድ ማደል ትቼ ጡረታ ወጣሁ። በዚያው ሰሞን አልጋና ምድጃ ያለው አሮጌ የጉዞ መኪና፣ ካምፐር፣ ገዛሁ። ባለቤቴ ዞር ዞር ብላ አየችውና «ጎማ ያለው ጓዳ» አለችው። እኔ ግን ኖርዝ ላስ ቬጋስ ግቢያችን ውስጥ ቆሞ ባየሁት ቁጥር እንደ ሙሽራ መኪና ልቤን ያስፈነድቀው ነበር።

ችግሩ ባለቤቴ ስትተኛ ትንፋሿ እንዳይቆራረጥ አየር የሚሰጣት ማሽን አላት። «ማሽኔ ካልሠራ አንድ ሌሊት አላድርበትም፤ ብቻህን ሂድ» አለች። ብቻዬን ሄጄ ማን ሊስቅብኝ? እናም ጉዞው በሙሉ በአንድ ሣጥን ላይ ተንጠለጠለ፤ የባትሪውን ጉልበት ወደ ቤት መብራት በሚቀይረው ኢንቨርተር ላይ።

ሱቅ ገብቼ ዓይኔ ትልቁ ላይ አረፈ፤ ባለ ሦስት ሺህ ዋት። ማይክሮዌቭ፣ ቴሌቪዥን፣ ፀጉር ማድረቂያ ሳይቀር ያስነሳል፤ ፀጉር ያለኝ ይመስል። በደስታ እየተቁነጠነጥኩ ደወልኩላት።

«ስንት ዋት ይበቃሻል?»

«ለሁለት ሰው? ሁለት ይበቃል።»

«ሁለት ሺህ?»

«አንተ ሰውዬ፣ ሠርግ ልንደግስ ነው እንዴ? አንድ ምስር፣ አንድ ቀይ።»

ዋት ስላት ወጥ ሰምታለች። ድምፄን ያፈነው ማስኬ ነው ብዬ ተከራከርኩ።

«ማስኩ ምን አደረገህ? ጥርስህ ነው እንጂ» አለችና ስልኩን እዚሁ ለተወለደችው ልጃችን ሰጠቻት።

«አባዬ፣ ቢጉን፣ ትልቁን አትግዛ። ዝም ብሎ ሲቀመጥ ራሱ ባትሪ ይበላል።»

እውነቷን ነው። ሳይሠራ የሚበላ አንድ እኔ አለሁ፤ ሁለተኛ ምን ያደርጋል?

«የማሚን ማሽን ቼክ አድርጌዋለሁ፣ ዘጠና ዋት ነው። ትንሹ ይበቃል። ግን ፒዩር ሳይን መሆን አለበት።»

«ማን ነው ሳይን የሚያደርገው? እኔ ነኝ ወይስ እናትሽ?»

«ፊርማ አይደለም አባዬ። ከረንቱ ልክ እንደ ቤቱ ክሊን ሆኖ ይመጣል ማለት ነው። ርካሹ ማሽኗን ያበላሻል።»

ትልቁን እየተሰናበትኩ ባለ ስድስት መቶውን፣ ንጹሑን፣ አቅፌ ወጣሁ።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ልጄ ከካምፐሩ ባትሪ ጋር አገናኘችው፤ እኔ መብራት ይዤ አስቸገርኳት። በዚያ ሰሞን ሙቀቱ ጋብ ብሏል። ባለቤቴ ጫማዋን አውልቃ፣ የማሽኑን ቱቦ አፍንጫዋ ላይ አስራ ካምፐሩ ውስጥ አልጋው ላይ ጋደም አለች። «ለአምስት ደቂቃ ብቻ ነው፣ እንዳትጓጓ» አለችኝ። ማብሪያውን ተጫንኩ። ማሽኑ ሽ… ብሎ መተንፈስ ጀመረ። ልጄ እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝ፤ እንዳልጨፍር ነው።

ደጁ ላይ በርጩማ ስቤ አዳመጥኩ። ትንፋሿ አልተቆራረጠም። ያለፈውንም ያገደመውንም እጄን አፌ ላይ አድርጌ ዝም አሰኘሁ፤ የጎረቤት ድመት ሳትቀር።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል መጋረጃው ተገለጠ። የማሽኑ ማሰሪያ ጉንጯ ላይ መስመር አስምሯል፤ ዓይኗ በእንቅልፍ አብጧል።

«ደረስን እንዴ?» አለች።

ከግቢያችን አንድ ክንድ አልተነቃነቅንም።

«ትንሽ ቀረን» ብዬ የካምፐሩን ቁልፍ ፍለጋ ወደ ቤት ሮጥኩ። ሮጥኩ ማለት፣ ጉልበቴ በፈቀደው ልክ።