አጎቴ ያበዛልን እንሰት

ልጅ እያለሁ፣ ገና ፊደል ሳልለይ፣ ቂም መያዝን ተምሬ ነበር። ያስተማረኝ የአባቴ ታናሽ ወንድም አንጁሎ ነው። የልጅነቴ ጠረን የተቆረጠ እንሰት ጠረን ነው፤ እርጥብ፣ ጎምዘዝ ያለ፣ እጅ ላይ ከነካ ቶሎ የማይለቅ። ዛሬም ሶዶ ገበያ መሃል ያ ሽታ ድንገት ሲመጣብኝ ጥርሴን እነክሳለሁ።

ቤታችን ከቦምቤ ከተማ ወጣ ብሎ ነበር። አባቴ ሲሞት እናቴና እኔ ብቻችንን ቀረን። አንጁሎ በልጅነቱ ሶዶ ገብቶ የበቆሎ ነጋዴ የሆነ፣ ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ የሚንጎራደድ ሰው ነው። የወንድሜ መሬት ነው፣ ወንድ ልጅ አልወለደችም፣ ወደ አባቷ ቤት ትመለስ አለ። እናቴ እምቢ አለች። ቤቱን ጠፍ አድርጋዋለች ብሎ ከሰሳት፤ ሽማግሌዎቹም ክረምቱ ሲወጣ መጥተን ጓሮውን አይተን እንፈርዳለን አሉ። በእኛ አገር የቤት ምስክሩ ጓሮው ነው። ፍግ ጠግቦ የቆመ እንሰት ካለ እዚያ ቤት ሰው አለ፤ ከሌለ ደግሞ ምንም ብትምል የሚሰማህ የለም።

በልግ እንደገባ በአንድ የገበያ ቀን ከእናቴ ጋር ቦምቤ ውለን፣ እኔ ሸንኮራዬን እየመጠጥኩ ተመለስን። ከቤታችን ጀርባ ሁልጊዜ ጥላ የነበረው ቦታ ወለል ብሎ ጠበቀን። እንሰቶቻችን በሙሉ ከሥር ተቆርጠው ተጋድመዋል። ጎረቤታችን ዳንሴ አንጁሎ ገጀራ ይዞ ሲገባ አይታዋለች። መስክሪ ብትባል ግን አፏን አትከፍትም፤ ሰውየውን ትፈራው ነበር። እኔ መሬት ላይ ተንከባልዬ አለቀስኩ።

እናቴ አንዱ ጉቶ አጠገብ ተንበረከከችና ጣቷን መሃሉ ላይ ከተተች። ከዚያ ወደ ሌላው ሄደች። ወደ ሌላውም። ከዚያም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትንቀጠቀጥ ጀመር። ስታለቅስ መስሎኝ ተጠጋኋት። እየሳቀች ነበር።

«ልባቸውን አውጥቶላቸዋል እኮ!» አለችኝ። «ይሄ ሞኝ!»

እንሰት ላዩን ብቻ ቢቆርጡት ከመሃሉ ያንኑ አንዱን ግንድ መልሶ ያወጣል። ችግኝ የሚፈልግ ገበሬ ግን ግንዱን ዝቅ አድርጎ ይቆርጥና መሃሉን፣ እኛ ልቡ የምንለውን፣ ፈልፍሎ ይጥለዋል። ልቡን ያጣ እንሰት ዙሪያውን ልጆች ያበቅላል። ይህን የእኛ መንደር ሕፃን ሁሉ ያውቃል። አንጁሎ እንሰትን የሚያውቀው ሳህን ላይ ነው። መልሶ እንዳያንሰራራ ብሎ፣ እየተጠነቀቀ፣ እያንዳንዱን በገጀራው ጫፍ ፈልፍሎታል።

ጉቶዎቹን ፍግና አፈር አልብሰን በደረቅ ቅጠል ሸፈንናቸው። ከጥቂት ቀን በኋላ አንጁሎ «ምን ዓይነት ክፉ ሰው ነው?» እያለ ሊያጽናናን መጣ። እናቴ ራሷን ይዛ እዬዬ አለች። እኔ በር ጀርባ ሆኜ ሳቄ እንዳያመልጠኝ ክንዴን ነከስኩ። ደስ ብሎት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከእንቅልፌ እንደነቃሁ ቅጠሉን ገለጥ አድርጌ አያለሁ። አንድ ቀን ከፍጉ ውስጥ የሕፃን ጣት የምታህል አረንጓዴ ነገር ብቅ አለች፤ ከዚያማ ማን ይቆጥራቸዋል!

ክረምቱ ሲወጣ ሽማግሌዎቹ መጡ። አንጁሎ ራሱ መንገድ እየመራ ወደ ጓሮ ወሰዳቸው። ጫጩት እንደከበባት ዶሮ፣ እያንዳንዱ ጉቶ በችግኝ ተከቦ ቆሟል። የሽማግሌዎቹ ታላቅ አቶ ሌንጫ በዘንጋቸው እየጠቆሙ «አንጁሎ፣ ጠፍ ያልከን የቱ ነው?» አሉ።

«አባቶቼ፣ እሱን አመስግኑልኝ» አለች እናቴ፣ ጎንበስ ብላ። «ባል የሞተባት ናት ብሎ አዝኖልኝ ነው። እኔ ገበያ ስሄድ መጥቶ፣ ልባቸውን አውጥቶ፣ እንዲህ አበዛልኝ።»

አዎ እንዳይል የቆረጠው እሱ መሆኑ ነው። አይደለሁም እንዳይል ዳንሴ ከአጥሩ ማዶ ቆማለች፤ አሁን ሰው ስለበዛ አልፈራችም። ቤቱም መሬቱም የእናቴ ሆነ።

እናቴ ግን በዚህ አልበቃትም። ትርፉን ችግኝ ለመንደሩ ሴቶች በሙሉ አደለች፤ እንሰት ሁሉ በስም የሚጠራ ነውና ስሙን አንጁሎ አለችው። ስንት ዓመት ሙሉ ሴቶቹ እንሰት ፍቀው ቆጮ እንዲሆን ጉድጓድ በቀበሩ ቁጥር «ዛሬ አንጁሎን ፋቅነው»፣ «አንጁሎ ጉድጓድ ገባ»፣ «ዘንድሮ አንጁሎ ሸተተ» ሲባባሉ እየሰማሁ አደግሁ። ለቅሶ ሊደርስ በመጣ ቁጥር እሱም ይሰማ ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ የባዮሎጂ መምህራችን የተክል ጫፍ ኦክሲን የሚባል ሆርሞን ወደ ታች እየላከ የጎን ቡቃያዎችን አስተኝቶ እንደሚይዝ፣ ጫፉ ሲቆረጥ ግን መልእክቱ ስለሚቋረጥ የተኙት እንደሚነቁ ሲያስረዳ፣ ሳቄ አምልጦኝ ከክፍል አስወጣኝ።

እናቴ ይቅር ብላው ሞተች። እኔ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ይቅር ብያለሁ እላለሁ፤ ውሸቴን ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ዛሬ አንጁሎ አርጅቷል። ልጆቹ የሶዶ ቤቱን ሸጠውበት ማረፊያ ሲያጣ ወደ እኔ መጣ። እናቴ ቤት፣ በጓሮ በኩል ባለችው ክፍል አስገባሁት። ሰው ሁሉ ምን ዓይነት ደግ ልብ ነው ያለሽ ይለኛል። ያኔ ከዚያ ቤት እንወጣ ይሆን እያልኩ በፍርሃት የማድር እኔ ነበርኩ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሶዶ ስመጣ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ዓይን ዓይኔን ያያል፤ ዛሬ ታስወጣኝ ይሆን እያለ። አላስወጣውም። ግን አልነገርኩትም።